አሥር ቀን እና የገዛ ውሻዋ

እናቷ ያወጡላት ስም መታወቂያዋ ላይ ተቀምጦ ቀርቷል። ሰፈሩ የሚያውቃት «አሥር ቀን» ብሎ ነው። ፊት ለፊት «እትዬ»፣ ዞር ስትል «አሥር ቀን»። እሷም ታውቃለች፤ አትቆጣም። «መርፌ ይዤ ነው የምዞረው፤ ከዚህ የባሰ ባለማለታቸው ላመስግን እንጂ» ትላለች።

የምትሠራው በማዘጋጃ ቤቱ የእንስሳት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው። ክፍል ይባል እንጂ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የክትባት ማቀዝቀዣ እና ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ ትልቅ መዝገብ ነው። የሁለት ዓመት የእንስሳት ጤና ትምህርቷን ጨርሳ ስትቀጠር ጠረጴዛው እዚያው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ፤ ጠረጴዛውም እሷም ካሉበት አልተነቃነቁም፤ የተቀየረው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው።

ቅጽል ስሟ የወጣው በሁለተኛው ዓመቷ ነው። አንድ ውሻ አንዲት ትንሽ ልጅ ነከሰ ተብላ ስትሮጥ ደረሰች። ጎረቤቱ ውሻውን ቀጥቅጦ ጨርሶ እጁን እየታጠበ ነበር፤ ሁሉም ትልቅ ሥራ የሠራ መስሎታል።

«ያበደ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ማን ይመልስ? ውሻው ሞቷል፤ ጭንቅላቱም ስለተደቆሰ ተመርምሮ የሚታወቅ ነገር አልቀረም። ልጅቷ መርፌዎቹን አንድም ሳይቀር ወስዳ ደህና ሆነች፤ እናትየዋ ግን ወር ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ከዚያ ወዲህ ውሻ ነከሰ በተባለበት ሁሉ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። የምትለውም ያው ነው፦ «አትንኩት። ይዘጋበትና አሥር ቀን ይታይ። ሲነክስ በሽታው ምራቁ ውስጥ ከነበረ አሥር ቀን በጤና አይቆይም። የሞተ ውሻ ግን አይመሰክርም።»

ከቦርሳዋ የማይጠፋ ነገር ቢኖር ከአራት የተቆረጠ የልብስ ሳሙና ነው። የተነከሰ ሰው ስታገኝ መጀመሪያ አንዱን ቁራጭ ታስይዘዋለች፤ «በሚፈስ ውሃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ» ትላለች፣ ሰዓቷንም ትመለከታለች። ግቢ ስትገባ ደግሞ ከባለቤቱ በፊት የምታየው የውሻውን ውሃ መጠጫ ነው። ሰው ውሻውን ይወድ እንደሆነ ከአፉ አትሰማም፤ ከመጠጫው ታነባለች። አረንጓዴ ሻጋታ ካየች ሰላምታውን ዘላ ወደ ወቀሳው ትገባለች።

የከተማውን ደንብ ግማሹን ያረቀቀችው እሷ ናት። ሦስት ወር የሞላው ውሻም ድመትም በየዓመቱ ይከተባል፣ ይመዘገባል። ውሻ ቁጥሩን አንገቱ ላይ ያደርጋል፤ ቀን ቀን ይታሰራል፤ መንገድ ላይ ያራውን ባለቤቱ ያነሳል። እያንዳንዱ አንቀጽ ጀርባው ላይ ጭቅጭቅ ተሸክሟል። የድመቶቹን አንቀጽ ለምሳሌ ያመጣችው ባለ ድመቷ ናት፤ ከገበያው ጀርባ ብቻዋን የምትኖር፣ በሯ ላይ በማንኛውም ሰዓት ቢያንስ ስድስት ጅራት የማይታጣ ሴት።

«የኔ አይደሉም እኮ» አለች ባለ ድመቷ በጊዜው። «እየመጡ ነው የሚበሉት።»

«ማን ነው የሚያበላቸው?»

«እኔ ነኛ።»

«ያበላ ባለቤት ነው። አሥራ አንዱንም በየስማቸው ይዘሽ ነይ።»

«ስም የላቸውም።»

«እንግዲያው በየቀለማቸው።»

እንዲህ ሆኖ «ያበላ ባለቤት ነው» የሚለው ደንብ ውስጥ ገባ።

ከአንቀጾቹ ሁሉ የማትወደው አንድ ነበር፤ ከሷ በፊት የተጻፈ። ያልተከተበ ውሻ ሰው ከነከሰና የተነከሰው ሰው ከጠየቀ፣ ውሻው ይወገዳል ይላል። ልታስለውጠው ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስት ጊዜ አልተሳካላትም። ስለዚህ በአንቀጹ ፈንታ ሰውን መለመን ያዘች፦ አትጠይቁ፣ ታገሡ፣ አሥር ቀን። አብዛኛው ሰው ይሰማታል። የሚሰማት ቃሏ ዝንፍ ስለማይል ነው።

የራሷ ውሻ ስሙ ጠበቃ ነው። ስሙን ያወጣለት ባሏ ነበር። «ከሷ ጋር ስከራከር ከኔ ወገን ሆኖ የሚጮህ ያስፈልገኛል» ብሎ ነው ቡችላውን በኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ያመጣው። ባልየው ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። ጠበቃ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት፣ አገጩ ሸብቶ፣ አሁንም እሷ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ከሟቹ ወገን ሆኖ ይጮህባታል። እሷም «ዝም በል፣ ደንበኛህ የለም» ትለዋለች። በቤቱ ውስጥ ከዚያ ክርክር የተረፈው ይኸው ድምፅ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጠበቃ ግቢው ጥግ በሰንሰለቱ ታስሮ ተኝቷል። ሰንሰለቱ ጥላ እየተከተለ እንዲዘዋወር ረዘም ያለ ስለሆነ እስከ ውሃ ቆጣሪው ይደርሳል። ቆጣሪ በሚነበብበት ቀን ታሳጥረዋለች፤ ደንቡ ነው። የንባቡ ቀን ግን ረቡዕ ነበር።

የቆጣሪ አንባቢው በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮፍያውን ከግንባሩ የማያነሳ ሰው ነው። ሳያንኳኳ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ የቆጣሪውን ክዳን ከፈተ። ክዳኑ ሲንቋቋ ጠበቃ ከእንቅልፉ ባንኖ ከኋላው መጣና ባቱን ያዘው። አንዴ ብቻ ነው የነከሰው። ለመርፌ ግን አንዴም ይበቃል።

የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች ወጣች። ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ፣ ውሻውን ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ሰውየውን ቧንቧው ሥር አስቀመጠች፤ ሁሉንም አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ። ዕቃ ቤቱ የብረት ፍርግርግ በር አለው፤ ቆለፈችው። ሳሙናውን ለሰውየው ሰጠችና ሰዓቷን አየች።

«እትዬ፣ ውሃው እኮ ዝም ብሎ እየፈሰሰ ነው» አለ ቆጣሪ አንባቢው ከትንሽ በኋላ። «ቆጣሪው እየሮጠ ነው።»

«ይሩጥ። አራት ደቂቃህ ነው፣ አሥራ አንድ ይቀርሃል።»

«ተከትቧል አይደል?»

«ጠበቃ? የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር እሱ ነው።»

«ተመስገን። በቃ መርፌ የለም ማለት ነው።»

«ማን አለ? ተከተበም አልተከተበም ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ። የሚያስፈልግህን እነሱ ይወስኑ።»

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አለ። እንደማይሄድ ግን ከአረማመዱ ያስታውቃል። መርፌ የሚፈራ ሰው «ተከትቧል» የምትለዋን ቃል ከሰማ ሌላው አይገባውም።

ቢሮ ገብታ የንክሻውን ፎርም መሙላት ጀመረች። ስም፣ ቀን፣ የተነከሰ አካል። ከዚያ «የመጨረሻ ክትባት ቀንና የብልቃጥ ቁጥር» የሚለው ላይ ስትደርስ መዝገቡን ገለጠች።

የመዝገቡን የመጀመሪያ መስመር ለራሷ ውሻ ያደረገችው «ደንቡ ለኛ ብቻ ነው ወይ» ለሚሉ ሰዎች መልስ እንዲሆን ነው። በየዓመቱ በክትባት ዘመቻው ዕለት ጠዋት፣ ሰልፉ ሳይጀመር፣ መስመሩን ቀድማ ትጽፋለች፤ ሕዝቡም ያየዋል። ውሻው ግን ቤት ስለሆነ መርፌውን የምትሰጠው ማታ ስትመለስ፣ ከመጨረሻው ብልቃጥ በሚተርፈው ነው። ከአምና በፊት ስምንት ዓመት እንዲህ ሠርታለች፤ ስምንቱንም ዓመት ተርፏል።

የአምናውን ገጽ እየገለጠች ወደ መጨረሻው ደረሰች። በገዛ እጇ ጽሕፈት፦ ድመት፣ ጥቁር። ድመት፣ ነጭ። ድመት፣ ቡራቡሬ። ድመት፣ ጆሮዋ የተቀደደ። አሥራ አንድ መስመር። ያን ጊዜ ነው የዘመቻው ዕለት ፊቷ ላይ ድቅን ያለው። ሊዘጉ ሲሉ ባለ ድመቷ በሦስት ቅርጫት ጭናቸው ስትደርስ፣ እሷም ተመለሽ ማለት ከብዷት፣ ለአሥራ አንደኛዋ ድመት የብልቃጡን የመጨረሻ ጠብታ ስትስብ። «ጠበቃን ሌላ ቀን» ማለቷም ትዝ አላት። አዲሱ ክትባት የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ መዝገቡን ከፍታ ያልተከተቡትን ፈለገች። ጠበቃ ከነሱ ውስጥ አልነበረም፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተከትቦ ተቀምጧላ።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲባል ስትሰማ ትስቅ ነበር። አሁን አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ነገሩ ግልጽ ነው። ይህን ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ድመቶቹ አይናገሩም። ዝም ካለች ሰውየው ሳይከተብ ይቀራል፤ ዕድለኛ ከሆነ ምንም አይሆንም። ከተናገረች ደግሞ ያ የምትጠላው አንቀጽ በእጁ ይገባል፤ «ይወገድ» ካለ ጠበቃ አበቃለት። ሁለቱን ነገር አንዴ መዘነቻቸው። በዕድል የሚኖር ሰው ሥራዋ ውስጥ ቦታ የለውም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቆጣሪ አንባቢው በዚያ ሰዓት የት እንዳለ መሥሪያ ቤቱም አያውቅም። እሷ ግን ጥግ ላይ ቆመችና ጆሮዋን ሰጠች። ቆጣሪ አንባቢ በገባበት ሁሉ ውሻ ይጮሃል፤ እሷ ደግሞ የከተማውን ውሾች በድምፃቸው ነው የምታውቃቸው። በስተግራ ሦስት ጊዜ ጮሆ የሚያርፍ ሰማች፤ የዳቦ ጋጋሪው ነው። ወደዚያ ስትራመድ ሌላ ተቀበለው፤ እንደ ቀዘቀዘ ሞተር አንገራግሮ አንገራግሮ የሚነሳ፣ የጡረተኛው ሹፌር። «መንገዱን ተሻግሯል» አለች ለራሷ። ሁለት ቤት ዘለለችና የቀጭን ድምፅ ጩኸት ስትሰማ ቆመች፤ የልብስ ሰፊዋ ውሻ። በሩ ተከፍቶ ቆጣሪ አንባቢው ደብተሩ ላይ እየጻፈ ወጣ።

«እትዬ? እንዴት አገኙኝ?»

«በውሾቹ ጥሪ። ተቀመጥ።»

መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እሷ አልተቀመጠችም።

«የነገርኩህ ልክ አይደለም። ጠበቃ አምና አልተከተበም። መዝገቡ ተከትቧል ይላል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሳልከትበው ነው የጻፍኩት። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ተከትቧል፤ እሱ ግን ላንተ ዋስትና አይሆንህም። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ገብተህ ትጀምራለህ።»

ሰውየው ኮፍያውን ሲያወልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ፀሐይ ያላየው ግንባሩ ከፊቱ ይልቅ ነጥቷል።

«እኔ እኮ ያላንኳኳሁት የእርስዎ ቤት ስለሆነ ነው» አለ። «ሌላ ቤት ቢሆን በሩን በድንጋይ ነው የምደበድበው። የአሥር ቀን ቤት…» አፉን ያዘ።

«በል፣ ስሜ ነው። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እሱንም ልንገርህ። ደንቡ፣ ያልተከተበ ውሻ የነከሰው ሰው ከጠየቀ ውሻው ይወገዳል ይላል። ዛሬ ብትጠይቅ ዛሬ ይፈጸማል። መብትህ ነው።»

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔ ባለቤቱ ነኝ፤ የኔ ቃል ዛሬ አይቆጠርም። የሌላ ሰው ውሻ ቢሆን ምን እንደምል ግን ታውቀዋለህ።»

ቆጣሪ አንባቢው ባቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ነካ አደረገ።

«አሥር ቀን» አለ።

«አሥር ቀን።»

«ግን እትዬ፣ እኔ በዓይኔ ያላነበብኩትን ቁጥር ጽፌ አላውቅም። ደህና ነው ብለው ቢልኩብኝ አልቀበልም። ጠዋትና ማታ ራሴ መጥቼ አነበዋለሁ።»

«ባታነበው ነበር የሚገርመኝ» አለችው። «ባለቤት ለገዛ ውሻው ምስክር አይሆንም። ና።»

ጤና ጣቢያ አብራው ሄደች። ነርሷ እጅጌውን ስትሰበስብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የተለጠፈውን የክብደት ሠንጠረዥ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሠላሳ ሁለት ኪሎ ላይ ሲደርስ ነርሷ «ጨርሻለሁ» አለችው። «ሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ነው።»

ቢሮ ተመልሳ በራሷ ላይ ሪፖርት ጻፈችና ለኃላፊው ሰጠችው። ኃላፊው በዕድሜ ልጇ የሚሆን፣ ነገር ከሚከር ቢበጠስ የሚመርጥ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እትዬ፣ ይሄን መዝገብ እኮ ከእርስዎ በቀር የሚከፍተው የለም። ማን ያየዋል ብለው ነው?»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡኝ።»

ኃላፊው የማስጠንቀቂያ አጻጻፍ አያውቅም። እሷ አረቀቀችለት፤ ሁለተኛው አንቀጽ ለስላሳ ሆነብኝ ብላ መልሳ አጠነከረችው። እሱ ፈረመ።

ወሬ እግር አለው። በማግስቱ ጡረተኛው ሹፌር በርጩማውን ይዞ መጥቶ በሯ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አምና የሱ ውሻ የዳቦ ጋጋሪውን ጣት ነክሶ አሥር ቀን ያዘጋችበት እሷ ናት።

«ዛሬስ አሥር ቀን ራሷ ላይ አሥር ቀን መጣ» አለ ለሚያልፈው ሁሉ።

«ጥላው ወዲያ ነው፣ ራስህን እንዳያምህ» አለችውና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቆጣሪ አንባቢው ቃሉን አከበረ። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፍርግርጉ ፊት ቁጢጥ ብሎ በቆጣሪ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ምን እንደሚያይ አስተማረችው፤ አገጩ ተንጠልጥሏል ወይ፣ ለሃጩ ይዝረከረካል ወይ፣ ድምፁ ተለውጧል ወይ፣ ይበላል ወይ፣ ይጠጣል ወይ። ከዚህ ሁሉ ልቡ ያረፈው የመጨረሻው ላይ ነው፤ ውሃ ሙያው ነው።

ችግሩ የጠበቃ መጠጫ የጎበጠ የብረት ሳህን መሆኑ ነው። «ይሄ ልኬት አይያዝበትም» ብሎ ሁለት ቀን አጉረመረመ። በሦስተኛው ቀን፣ ሁለተኛውን መርፌ ወስዶ ሲመለስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጎኑ ላይ የሊትር መስመር የተሰመረበት ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ዕቃ ይዞ መጣ። ሁለት ሊትር ሞልቶ በፍርግርጉ ሥር አስገባ፤ የብረቱን ሳህን አወጣ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ንባቡ ሁለት ሊትር ነበር። ማታም ሁለት ሊትር። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጎንበስ ብሎ አየና ሳይጽፍ ተነሳ።

«እትዬ፣ አልጠጣም። አንዲት መስመር አልወረደም።»

ጡረተኛው ሹፌር ከበርጩማው ተነሳ። ዛሬ ዱላ ይዞ ነበር የመጣው። ከኋላው ሁለት ሦስት ሰው ገባ።

«ውሃ የጠላ ውሻ አብዷል» አለ። «ይሄ መዝገብ አያስፈልገውም። በሩን ክፈቺውና እንገላገል።»

«አምና ያንተ ውሻ ከአሥረኛው ቀን በኋላ የት ሄደ?» አለችው።

«የት ይሄዳል፤ ቤቴ ነዋ።»

«አሁን ምን እያደረገ ነው?»

«ከልጅ ልጄ ጋር… እየተጫወተ።»

«በአምስተኛው ቀን እኔም ዱላ ይዤ ብመጣስ ኖሮ?»

ሹፌሩ ዱላውን አልጣለም። ሁሉም ወደ ቆጣሪ አንባቢው ዞረ። ቃሉ የሱ ነው፤ «ይወገድ» ካለ ያልቃል። ሰውየው ደብተሩን እያጠፈ እየዘረጋ፣ «እትዬ… ልጆች አሉኝ» አለ።

እሷም ፈርታለች። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነስታ በመስኮት አይታዋለች። ነገር ግን ፍርሃቷን ወደ ጎን አድርጋ እንደ ልማዷ ከመጀመሪያው ጀመረች። አገጩ ተዘግቷል። ድምፁ የትናንቱ ነው። ትናንት ማታ የተሰጠው በሾርባ የራሰ ዳቦስ? ሳህኑ ተልሷል።

«ዳቦውን ሲበላ አይተኸዋል?» አለችው ቆጣሪ አንባቢውን።

«አይቻለሁ። ጽፌዋለሁም።»

«ሲውጥ ጉሮሮው አስቸግሮት ነበር?»

«የለም። እንዲያውም እየዋጠ ነው የጮኸብኝ።»

«ይሄ በሽታ ጉሮሮ ነው የሚይዘው። መዋጥ ያቃተው ውሻ የራሰ ዳቦም አይወርድለትም። ይህ ግን ዳቦውን እየዋጠ ውሃውን ይተዋል። ስለዚህ ነገሩ ከውሻው አይደለም፤ ከውሃው ነው።» ወደ ፍርግርጉ ጎንበስ አለችና አሸተተች። ቀና ብላ አየችው። «ይሄን ዕቃ በምን አጠብከው?»

«መሥሪያ ቤት በምናጥብበት ነዋ። በክሎሪን። ንጹሕ ይሁን ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፌው አደርኩ።»

ከኋላ አንድ ሰው «በረኪና አጠጥቶት ኖሯል» ብሎ ሳቀ።

«ላንተ ንጹሕ ነው» አለች። «እሱ ግን በአፍንጫው ነው የሚያነበው።»

የጎበጠውን ሳህን ሞላች፤ በመጥረጊያ እንጨት እየገፋች በፍርግርጉ ሥር አስገባች። ጠበቃ ተነሳ። ሳህኑን አሸተተ። ከዚያ እየተንጣጣ፣ አገጩ ከነሽበቱ እየራሰ፣ ሳህኑ ከፍርግርጉ ብረት ጋር እስኪንኳኳ ድረስ ጠጣ። ሌላ ሞላችለት፤ እሱንም ግማሽ አደረሰ።

«አንብበው» አለችው።

ቆጣሪ አንባቢው ደብተሩን ከፈተ። «ከአንድ ሊትር ይበልጣል» አለ። «ሳህኑ ጎባጣ ስለሆነ ከዚያ በላይ በትክክል መናገር አልችልም።»

ጡረተኛው ሹፌር ዱላውን እንደ መቋሚያ ተደገፈው፤ ለዚያው ያመጣው ይመስል። «እኔ መጀመሪያውኑ ውሃው ሸቶኝ ነበር» አለና በርጩማውን አንስቶ ሄደ።

የቀሩት ቀናት በንባብ አለፉ። ስድስተኛ፣ ሰባተኛ፤ በሰባተኛው ሦስተኛውን መርፌ ወሰደ፣ ሠንጠረዡንም እስከ ስድሳ ኪሎ ዘለቀው። በስምንተኛው ቀን አጥንት በወረቀት ጠቅልሎ ሲያስገባ ባለ ድመቷ በበሩ ስታልፍ አየችው።

«ወንድሜ፣ ተጠንቀቅ» አለችው። «እዚህ ከተማ ያበላ ባለቤት ነው። እኔ እንዲህ ብዬ ነው አሥራ አንድ ያፈራሁት።»

በአሥረኛው ቀን ማታ ቆጣሪ አንባቢው የመጨረሻውን ጻፈ። ይበላል። ይጠጣል። አገጭ ደህና። ድምፅ እንደ ድሮው፣ እንዲያውም ከፍ ያለ። ጤና ጣቢያው ደብተሩንና የሷን ፎርም አይቶ የቀሩት መርፌዎች እንደማያስፈልጉ ነገረው። ቁልፉን ያዞረው እሱ ነው፤ ጠበቃ ወጥቶ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቆጣሪው ነበር፣ ክዳኑ ላይ ሸና።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አለ» አለ ቆጣሪ አንባቢው ኮፍያውን እያስተካከለ። «የመጣሁት ማክሰኞ ነበር። ቀኔ ረቡዕ ነው። ረቡዕን ላርፍ ብዬ ቀድሜ መጣሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ። ፎርሙ ላይ ቀን የሚል ቦታ አለ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አንተ እስክትናገር አሥር ቀን ሰጠሁሃ።»

በማግስቱ ጠበቃን አስራ ቢሮ ይዛው ሄደች። ባለ ድመቷ ቀድማ ደርሳ ሦስት የድመት ግልገሎች በቅርጫት ይዛ ተቀምጣለች። ያን የመጨረሻ ጠብታ የሷ ድመት እንደወሰደችው ሰምታ ነው መሰል፣ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀች።

«እሱ ይቅደም። ያለፈውንም የበላነው እኛ ነን።»

«ሰልፍ ሰልፍ ነው። ተቀመጪ።»

ግልገሎቹ ተከተቡ፤ ከያንዳንዷ በኋላ አንድ መስመር ተጻፈ። ከዚያ ጠበቃ። ለመያዝ የመጣው ቆጣሪ አንባቢው የውሻውን ጭንቅላት አቅፎ ራሱ ዓይኑን ጨፈነ። መርፌው ገብቶ ወጣ፤ ጠበቃ አንዴ ጮኸባት፣ እሷም «ተመዝግቧል፣ ይግባኝ የለም» አለችው።

መርፌውን ወደ ማስወገጃው ሳጥን ከጣለች በኋላ ነው እስክሪብቶዋን ያነሳችው። መጀመሪያ የአምናውን ገጽ ገልጣ የመጀመሪያውን መስመር በቀይ ሰረዘችው፤ ሥሩ እንዲነበብ አድርጋ፣ አጠገቡም «አልተከተበም» ብላ ፈርማ። ከዚያ ወደ ዛሬው ገጽ ተመለሰች።

«ከላይ አይጽፉትም እንዴ?» አለ ቆጣሪ አንባቢው። «የሱ ቦታ እኮ የመጀመሪያው ነው።»

«በተራው» አለችና፣ ጆሮዋ ጥቁር ከሆነችው ግልገል ቀጥሎ አራተኛ አድርጋ ጻፈችው።